«ሃይፖኤኮይክ» የበሽታ ስም አይደለም
የጡት አልትራሳውንድ ውጤቷ ላይ «ሃይፖኤኮይክ እብጠት» የሚል ያነበበች ሴት ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ቃሉ ግን ስለ ምስሉ ጥቁረት እንጂ ስለ ካንሰር አይናገርም። መሣሪያው የሚልከው ድምፅ ከሰውነት ውስጥ ነጥሮ ሲመለስ ምስል ይሆናል፤ ብዙ ድምፅ የመለሰ ነጣ፣ ጥቂት የመለሰ ጠቆር ይላል። ሃይፖኤኮይክ ማለት ከአካባቢው ያነሰ ድምፅ የመለሰ ማለት ነው፤ በቃ። ንጹህ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ድምፅ ስለማይመልስ ድፍን ጥቁር ይሆናል፤ እሱ አኔኮይክ ይባላል።

አስቸጋሪው ነገር አብዛኛው የጡት ካንሰርም፣ ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ካንሰር ያልሆነ የጡት እብጠትም ጠቆር ማለታቸው ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ቅርፁን ይመረምራል። ጠርዙ ለስለስ ያለ፣ ሞላላና ከቆዳው ጋር ትይዩ የተኛ ከሆነ ደህና ምልክት ነው። ጠርዙ እንደ እሾህ የወጣጣ፣ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ የበለጠ ከሆነ ያሳስባል።

ቅርፅ ብቻውን ሁልጊዜ አይለይም። ኢላስቶግራፊ የመጣው ለዚህ ነው፤ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከጤናማው ሥጋ ስለሚጠጥር፣ የእብጠቱን ጥንካሬ በምስል ያሳያል። በደም ሥር የሚሰጡ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ደግሞ የደም ዝውውሩን ያጎላሉ።

ሪፖርት ሲደርስሽ ከ«ሃይፖኤኮይክ» በፊት የባይራድስን ቁጥር ፈልጊ፤ ሐኪሞች በጡት ምስል ላይ የታየው ምን ያህል እንደሚያሳስብ የሚመድቡበት ቁጥር ነው። 3 ከሆነ የካንሰር ዕድሉ ከ2 በመቶ አይበልጥም፤ በክትትል ይታያል። 5 ከሆነ ቢያንስ 95 በመቶ ነው። 4 በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ክልል ይይዛል፤ ቁርጡን የሚነግረው የናሙና ምርመራ ነው።