የግል ሆስፒታል ነርሶች ደመወዝና የሥራ ሁኔታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በግል ሆስፒታልና ክሊኒክ የሚሠራ ነርስ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ሳይሆን በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በመንግሥት ሆስፒታል ለሚሠራ ባልደረባው የተፈቀደ የደመወዝ እርከን ወይም የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያ እሱን በቀጥታ አይመለከተውም። በአንጻሩ አዋጁ በሥራ ሰዓት፣ በዕረፍት፣ በስንብትና በጉዳት ካሳ ላይ ለግል ተቀጣሪው የሰጠው መብት ብዙ ነው። ከዚህ መብት ውስጥ ብዙው የሚቀረው በሥራ ቦታ ሲነገር የኖረው ወሬ እንደ ሕግ ስለሚታመን ነው።

«የወር ደመወዝተኛ ስለሆንክ ትርፍ ሰዓት አይታሰብልህም»

ስህተት ነው። ደመወዝ በወር መከፈሉ የሰዓት ጣሪያውን አያነሳውም። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሥራው ጠባይ ምክንያት ሰዓቱን በአማካይ ማስላት ይፈቀዳል፤ ስለዚህ የ12 ሰዓት ሺፍት በራሱ ሕገወጥ አይደለም፤ ኦፍ (የዕረፍት ቀን) ተሰጥቶ አማካዩ ከ48 ሰዓት ካላለፈ አሠሪው መከራከሪያ አለው። ነርሶች ክስ መሥርተው ከሚሸነፉባቸው ነጥቦች አንዱ ይህ ነው፤ ከ8 ሰዓት ያለፈውን ሁሉ ይደምሩና የወሰዱትን ኦፍ ይረሱታል።

ትክክለኛው አቆጣጠር በሺፍት ብዛት ነው። አራት ሳምንት 192 መደበኛ ሰዓት ነው፤ ይህም 16 ባለ 12 ሰዓት ሺፍት ማለት ነው። 17ኛው ሺፍት ሙሉ በሙሉ ትርፍ ሰዓት ነው። ክፍያው በአንቀጽ 68 ተቀምጧል፦ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሰዓት ደመወዝ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል።

በምሳሌ እንየው። የወር ደመወዝ 10,400 ብር ቢሆን፣ በወር 26 ቀን በቀን 8 ሰዓት ተብሎ በ208 ሲካፈል የሰዓቱ ዋጋ 50 ብር ይመጣል። 17ኛው ሺፍት ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት 4 × 50 × 1.5 = 300 ብር፣ የቀሩት ስምንት ሰዓታት ደግሞ 8 × 50 × 1.75 = 700 ብር ናቸው፤ በድምሩ 1,000 ብር። በነገራችን ላይ ሕጉ ትርፍ ሰዓትን በቀን በ4፣ በሳምንት በ12 ሰዓት ይገድባል። አሠሪው ከዚያ በላይ ማሠራቱ ጥፋቱን ያከብደዋል እንጂ ክፍያውን አያስቀርለትም።

«ናይት የገባ ሁሉ በ1.75 ይከፈለዋል»

ይህኛው ስህተት ደግሞ በሠራተኛው በኩል ያለ ነው። 1.75 የትርፍ ሰዓት ተመን ነው። ናይቱ በመደበኛው 48 ሰዓት ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ አዋጁ የተለየ የሌሊት ጭማሪ አላዘዘም። የሌሊት አበል የሚገኘው በኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ ተደራድረው በሚፈርሙት ውል)፣ በሥራ ውል ወይም በተቋሙ ደንብ ሲጻፍ ነው። በዓል ላይ ግን ነገሩ ይለያል፤ በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሰው ሥራው መደበኛ ሺፍቱ ቢሆንም ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ይከፈለዋል።

«ውሉ የአንድ ዓመት ስለሆነ ሲያልቅ መብትም የለም»

ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው፦ በፈቃድ ወይም በሕመም የተለየን ሠራተኛ ለመተካት፣ ድንገት የበዛን ሥራ ለማቃለልና ለመሳሰሉት። ዎርድ ወይም ድንገተኛ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ነርስ ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ «ለአንድ ዓመት» ስለተጻፈ ብቻ ቋሚው ሥራ ጊዜያዊ አይሆንም። «ውልሽ አልቋል» ተብላ የተሰናበተች ነርስ ሥራው አሁንም በሌላ ሰው እየተሠራ መሆኑን ካሳየች ስንብቱ ሕገወጥ የሚባልበት ዕድል ሰፊ ነው።

የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍ መደረግም አለበት። «ስድስት ወር ሙከራ» የሚባል ነገር በሕጉ የለም። የጽሑፍ ውል ጨርሶ ካልተሰጠ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ፈርሞ መስጠት አለበት፤ አለመስጠቱ የሠራተኛውን መብት አይቀንስም።

«ካልለቀቁህ መልቀቅ አትችልም»

የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ የሰጠ ሠራተኛ ይለቃል፤ የአሠሪው ፈቃድ አያስፈልገውም። ማስጠንቀቂያው ሲሰጥ በቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ማስመታት ይገባል። አንቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ልኮ ደረሰኙን መያዝ ነው። ሳያስጠነቅቅ ድንገት የሄደ ሰው የሚጠየቀው ካሳ እንኳ ከ30 ቀን ደመወዙ አያልፍም። የሥራ ልምድ ማስረጃ በነጻ የሚሰጥ መብት ነው፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈል የነበረውን ደመወዝ መግለጽ አለበት። ቀሪ ክፍያም ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም ይኖርበታል፤ ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስን ይችላል።

ለተሰበረ ዕቃ ወይም ለጠፋ መድኃኒት ከደመወዝ የሚቆረጠውም እንዲሁ ገደብ አለው። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ መቁረጥ አይቻልም፤ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

«መርፌ የወጋህ ባንተ ጥንቃቄ ጉድለት ነው»

አሠሪው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው ጥፋት ባይኖርበትም ነው። ሠራተኛው መብቱን የሚያጣው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠ የደኅንነት መመሪያ ሲጥስ ወይም ሰክሮ ሲገኝ ነው። ሕክምናውን አሠሪው ይሸፍናል። ጉዳቱ ከሥራ ካስቀረ ክፍያው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት 75 በመቶ፣ ለቀሩት ስድስት 50 በመቶ ነው።

ክርክሩ የሚበላሸው በአብዛኛው በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ነርሷ ቁስሉን ታጥብና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ምንም አይጻፍም። ከወራት በኋላ ሄፓታይተስ ቢ ቢገኝባት ከሥራ መምጣቱን የሚያሳይ ነገር የለም። ስለዚህ በዚያው ሺፍት የአደጋ ሪፖርት ይጻፍ፤ ሰዓቱ፣ ክፍሉ፣ የመርፌው ዓይነትና ያዩ ሰዎች ይመዝገቡ። የዚያን ቀን የደም ምርመራ ውጤትም ይያዝ፤ ያኔ ነጻ እንደነበረች የሚያሳየው እሱ ነው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት ሪፖርቱ ለጤናም ለመብትም ይጠቅማል።

«ነፍሰ ጡር ብትሆንም ፕሮግራሙ ፕሮግራም ነው»

አይደለም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ትርፍ ሰዓት ማዘዝም ክልክል ነው። የወሊድ ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው፤ ከሙሉ ደመወዝ ጋር።

«ማኅበር ማቋቋም የትልልቅ ፋብሪካዎች ነገር ነው»

ሕጉ የወር ደመወዝ መነሻ በብር አላስቀመጠም። ለግል ነርስ ደመወዝ የሚያድግበት ዋናው ሕጋዊ መንገድ የኅብረት ድርድር ሆኖ ሳለ በጣም የተዘነጋው እሱ ነው። አሥር ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ ላቦራቶሪውም ፋርማሲውም ጽዳቱም አብሮ ይቆጠራል። መተዳደሪያ ደንብና የመሪዎች ስም ዝርዝር ተያይዞ ለሚመለከተው የሥራ ቢሮ ማመልከቻ ይቀርባል፤ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጠ ማኅበሩ እንደተመዘገበ ይቆጠራል። ከዚያ ማኅበሩ የድርድር ጥያቄና ረቂቅ በጽሑፍ ሲያቀርብ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ ግዴታው ነው።

የኢትዮጵያ ነርሶች ማኅበር የሙያ ማኅበር ነው። በአንድ ሆስፒታል ደመወዝ ላይ ተደራድሮ የኅብረት ስምምነት የሚፈርመው ግን የዚያ ተቋም የሠራተኛ ማኅበር ነው። ሁለቱን ማምታታት ብዙ ጊዜ አባክኗል።

ሥራ ማቆምን በተመለከተ መታለል አያስፈልግም፤ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ ከሚባሉት አገልግሎቶች ውስጥ ስለሆኑ አድማ አልተፈቀደላቸውም። በምትኩ ድርድሩ ከከሸፈ ጉዳዩ ወደ አስማሚ ይሄዳል፤ በአስማሚ ካልተፈታ የደመወዙን ክርክር ጊዜያዊ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይወስናል። ቡድን ሆኖ ሥራ ጥሎ መውጣት ይህን መንገድ ይዘጋል፤ ለአሠሪውም የስንብት ምክንያት ይሰጠዋል።

«ስለቅ ሁሉንም አንድ ላይ እጠይቃለሁ»

በብር የሚለካ ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ በክስ መጠየቅ አይቻልም። አምስት ዓመት ሠርቶ ሲለቅ የሚከስ ነርስ በአብዛኛው የሚያገኘው የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ብቻ ነው። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ደግሞ ከተሰናበተበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ይርጋውን የሚያቋርጠው ለኃላፊ በቃል መንገር አይደለም፤ ለፍርድ ቤት ወይም ሕጉን ለሚያስፈጽመው የሥራ ቢሮ የቀረበ አቤቱታ ወይም አሠሪው መብቱን በጽሑፍ ማመኑ ነው። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ችሎት ክስ ሲያቀርብ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

ማስረጃው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይውላል። የዲዩቲ ፕሮግራሙ የክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ያለበት ከሆነ አሠሪው ሥራውን ማዘዙን ያሳያል፤ ያለ አሠሪው ትእዛዝ የተሠራ ሰዓት ግን እንደ ትርፍ ሰዓት አይቆጠርም። ወሩ አልቆ ከመቀደዱ በፊት ፊርማውና ቀኑ በሚነበብበት አኳኋን ፎቶ ይነሣ። የታካሚ ስም ያለበትን የርክክብ መዝገብ ግን ፎቶ ማንሣት የታካሚን ምሥጢር ስለሚነካ አይገባም፤ ለሱ ፍርድ ቤቱ አሠሪውን እንዲያቀርብ ማዘዝ ይችላል። ከዚህ ጋር የስድስት ወር የባንክ ሂሳብ መግለጫ ይያያዝ። መግለጫው በጡረታ መዋጮ ከሚታወቀው ደመወዝ ጋርም ይመሳከር። መዋጮው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው፤ በወረቀት ላይ ደመወዙ ዝቅ ተደርጎ ተመዝግቦ ከሆነ የሚጎድለው የዛሬው ትርፍ ሰዓት ብቻ ሳይሆን የጡረታውም አበል ነው።