የሽንት ቤት መቀመጫ ከሥሩ ሲያፈስ ሲሚንቶ አትለጥፉ

ጅማ ውስጥ የሳኒተሪ ሥራ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። ስልኬ ሲጮህ ግማሹን ጊዜ ጥያቄው ያው ነው፦ «ሽንት ቤቱ ከሥሩ ያፈሳል፤ ትንሽ ሲሚንቶ ይዘህ ና።» ሲሚንቶ ይዤ አልመጣም። ለምን እንደማልመጣ፣ ሰዎች የሚሉኝን አንድ በአንድ እያነሳሁ እዚህ ልጻፈው።

«ዙሪያው በሲሚንቶ ወይም በሲሊከን ከተደፈነ ይቆማል።» መታየቱ ይቆማል እንጂ መፍሰሱ አይቆምም። የመቀመጫው መውጫ ወለል ውስጥ ካለው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ (ፕላስቲክ) ቱቦ ጋር ሲገናኝ መሃላቸው ጎማ አለ። በአንዳንዱ የሰም ቀለበት ነው። እሱ ሲያረጅ ወይም ከቦታው ሲንሸራተት፣ ውሃ በለቀቃችሁ ቁጥር ጥቂቱ ወደ ጎን ያመልጣል። ዙሪያውን ስትደፍኑት መውጫ አጥቶ ከሴራሚኩ ሥር ይገባል። ፎቅ ከሆነ ደግሞ ከታች ያለው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ይወርዳል።

እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር አንዲት እናት ቤት የሄድኩትን አልረሳውም። ሦስት ጊዜ በሲሚንቶ አስደፍነውታል። ሲሚንቶው እንደ ድንጋይ ስለያዘው መቀመጫውን ሳልሰብር ማንሳት አልቻልኩም። ከሥሩ ያለው ሴራሚክ በእጅ ይነሳ ነበር፤ ሽታውን ተዉት። በአንድ ጎማ የሚያልቅ ሥራ አዲስ መቀመጫ አስገዛቸው። እትዬ ሲያዝኑ እኔም አንጀቴ ተላወሰ።

«የክረምት እርጥበት ነው፣ በጋ ላይ ይደርቃል።» ይሄ የጅማ ነው። ከተማችን በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ስለምታገኝ ሁሉ ነገር በዝናብ ይመካኛል። ዝናብ ግን የመቀመጫ እግር መርጦ አያረጥብም።

«ቡሎኑን ጠበቅ ማድረግ ነው።» መቀመጫው ሸክላ ነው። ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት ይሰነጠቃል።

«ንጹህ ውሃ ነው፣ አይጎዳም።» በመቀመጫው ውስጥ ያለፈ ውሃ ነው። ልጆች በባዶ እግር ይረግጡታል።

«ጎማ ከተቀየረ አለቀ።» እዚህ ላይ ባለሙያ ተብዬዎችም ይሳሳታሉ። ጎማው ለምን ተበላሸ? ብዙ ጊዜ መቀመጫው ስለሚነቃነቅ ነው። በሁለት እጃችሁ ያዙና ወዝወዝ አድርጉት። ከተንቀሳቀሰ አዲሱም ጎማ በወራት ውስጥ ይሄዳል። በውሃ ልክ ለኩት፣ ክፍተት ባለበት ጠንካራ ፕላስቲክ ሸጉጡ፣ ፊሸሩ (ወለሉ ውስጥ ገብቶ ቡሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ከላላ ቀይሩት። ሌላው ምክንያት ሴራሚክ ላይ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ወለሉ ከፍ ሲል የቱቦው አፍ ወደ ታች ይቀራል፤ ጎማው አይደርስበትም። ያን ጊዜ መጀመሪያ ቱቦው መቀጠል አለበት። መስመሩ በከፊል ተዘግቶ ውሃው ወደ ኋላ የሚገፋ ከሆነም ያንን ሳታስከፍቱ ጎማ ብትቀይሩ ድካም ነው። መቀመጫው አንዴ ከተነሳ ደግሞ የድሮውን ጎማ አትመልሱ።

«ሥሩ ከረጠበ ችግሩ ሥሩ ነው።» ላይሆን ይችላል። ከውሃ ሳጥኑ፣ ከፍሌክሲብሉ (ውሃ ወደ ሳጥኑ ከሚያስገባው ተጣጣፊ ቱቦ) ወይም ከአንግል ቫልቩ (ግድግዳው ላይ ካለው መዝጊያ) የሚንጠባጠብ ውሃ በመቀመጫው ጀርባ ወርዶ እዚያው ይጠራቀማል። እኔን ከመጥራታችሁ በፊት ወለሉን አድርቁ፤ ሳጥኑን አትንኩ። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ በባልዲ ቀላቅሉና በቀጥታ መቀመጫው ውስጥ ድፉት። ሥሩ ቀይ ካወጣ ችግሩ ጎማው ጋ ወይም የተሰነጠቀው ሸክላ ላይ ነው። ባልዲው ተደፍቶ ደረቅ ሆኖ፣ ቆይቶ ጥርት ያለ ውሃ ከታየ ወደ ላይ ፈልጉ።

ተሠርቶ ሲያልቅም ሠራተኛውን ቶሎ አትሸኙት። ዙሪያውን ሶፍት አንጥፉ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ውሃ ልቀቁ። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ያኔ ሲሊከኑ ይቀባ። ከኋላ በኩል ግን ጣት የምታህል ክፍት ቦታ ተዉለት፤ ነገ ቢያፈስ በእሷ በኩል ወጥቶ ታዩታላችሁ።