የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታና አሻሚ ሕጎቹ፦ ከጎጃም ሲታይ

የጠረጴዛ ጦርነት በትናንሽ ወታደሮች የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ወታደሮቹ ከፕላስቲክ ወይም ከብረት ይሠራሉ፤ የብዙዎቹ ቁመት 3 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ቀለም ተቀብተው ጠረጴዛ ላይ ይሰለፋሉ። እርምጃቸው በመለኪያ ሜትር፣ ብዙ ጊዜ በኢንች፣ ይለካል፤ ተኩሱና ግጥሚያው በዳይስ ይወሰናል። እንደ ቼዝ በሣጥን የተከፋፈለ ሰሌዳ ግን የለም። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ቼዝ ላይ ፈረሱ የቆመበት ሣጥን ለሁለቱም ተጫዋቾች ያው ነው። እዚህ "ደርሷል"፣ "አልደረሰም" የሚለው ጭቅጭቅ የሚፈታው ሕጉ በተጻፈበት ቃል ነው። ቃሉ አሻሚ ከሆነ ጨዋታው ቆሞ ክርክር ይጀመራል።

ጨዋታው ከመዝናኛነቱ በፊት የጦር ትምህርት ነበር። የፕሩሲያው መኮንን ራይስቪትዝ በ1824 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ላይ ዳኛ አለ። ተጫዋቾቹ ትእዛዛቸውን ለዳኛው ይሰጣሉ፤ የሆነውን የሚነግራቸው እሱ ነው። ሕጉ እየበዛ ሲሄድ ግን መኮንኖቹን አሰለቸ። በ1876 እ.ኤ.አ. ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው መኮንን አብዛኛውን ሕግ ትቶ ፍርዱን ልምድ ላለው ዳኛ ሰጠ። የእንግሊዙ ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጨዋታ ደግሞ እውነተኛ የመጫወቻ መድፍ ነበረው። የተተኮሰው እንጨት ወታደሩን ከጣለው ሞቷል፣ ካልጣለው ቆሟል። ዛሬ በሰፊው በሚታወቁት እንደ ዋርሃመር 40,000 ባሉ ጨዋታዎች ላይ ብዙ ጊዜ ዳኛ የለም። ያሉት ሁለት ሰዎችና አንድ የሕግ መጽሐፍ ናቸው። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ወደቀ።

አሻሚነቱ የሚመጣባቸው በሮች ብዙ ናቸው። አንዱ ርቀት ነው። "ከአዛዡ 6 ኢንች ውስጥ ያለ ጭፍራ አይሸሽም" ሲባል፣ ከ10 ወታደር አንዱ ከገባ ይበቃል ወይስ አሥሩም መግባት አለባቸው? ዋርሃመር "ውስጥ" እና "ሙሉ በሙሉ ውስጥ" የሚሉ ሁለት የተለያዩ አነጋገሮችን መጠቀም የጀመረው ለዚህ ነው። ሌላው እይታ ነው፤ ከዛፍ ጀርባ እግሩ ብቻ የሚታይ ወታደር ይተኮስበታል? ቁጥር ሲካፈል ግማሽ ከመጣስ ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚጠጋጋው? እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው።

ከባዱ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ለጎጃም ሰው ቅርብ የሆነውን የእምባቦን ጦርነት እንውሰድ። በ1874 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ፣ ሆሮ ጉዱሩ ላይ፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተዋጉ። የራስ ጎበና ፈረሰኛ ድሉን ለሸዋ አደረገው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ። ይህን ጠረጴዛ ላይ ለማምጣት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው ሕግ "ንጉሡ ከተማረከ ጦሩ ይበተናል" የሚል ይሆናል። ጥሩ። ግን መቼ? ንጉሡ በተያዘባት ቅጽበት ከሆነ፣ ገና ያልተኮሰው የጎጃም ጠብመንጃ ያዥ ሳይተኩስ ከጠረጴዛው ይነሳል። በዙሩ መጨረሻ ከሆነ፣ ያ ጠብመንጃ ያዥ ሊተኩስ፣ ምናልባትም ንጉሡን ሊያስመልስ ይችላል። ያቺ አንዲት ያልተጻፈች ቃል ድሉን ከሸዋ ወደ ጎጃም ልታዞረው ትችላለች።

ሕጉ በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። "6 ከወጣ ፈረሰኛው ይመታል" ብለው ይጻፉና ለሁለት ሰው ይስጡ። "መ" ላልታ ከተነበበች መቺው ፈረሰኛው ነው። ጠብቃ ከተነበበች ተመቺው እሱ ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም። "ፈረሰኛው እግረኛውን ከገጠመ በኋላ 4 ኢንች ወደ ኋላ ይላል" የሚለውም እንደዚያው ነው፤ ወደ ኋላ የሚለው ማን እንደሆነ አይታወቅም። "ጠብመንጃ የያዙ ፈረሰኞችና እግረኞች" ሲባልስ? ጦር ብቻ የያዘው እግረኛ ይቆጠራል? መድኃኒቱ አድራጊውንና የሚደረግበትን ደግሞ ደጋግሞ መጥራት ነው። ጽሑፉ ውበት ያጣ ይሆናል። ይጣ፤ ሕግ ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች የሚመሰገነው በአንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ያሳደረ ሰው ነው። ለጨዋታ ሕግ ይህ ትልቁ ጥፋት ነው። ጆሮው ግን አንድ ነው። ኅብር የሚባለውን ይህን ድርብ ምሥጢር ለመፈለግ የሠለጠነ ሰው፣ ሕግ አውጪው ሳያስበው የገባውን ሁለተኛ ትርጉም ወዲያው ያየዋል። እንደኔ እንደኔ፣ አዲስ የጨዋታ ሕግ ከመታተሙ በፊት ለአንድ የቅኔ ተማሪ ቢነበብለት ብዙ ክርክር ይቀራል።

ክርክሩ ሲነሳ ተጫዋቾች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን የተጻፈውን ቃል ይይዛል፤ ሌላው ሕግ አውጪው ያሰበውን። ሁለቱም ሐቅ አላቸው። ውድድር ላይ ቃሉን መያዝ ይሻላል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች የጋራቸው እሱ ብቻ ነውና። በጓደኛሞች መካከል ሐሳቡን መያዝ ያስኬዳል። አሳታሚዎች በየጊዜው እርማትና የጥያቄ መልስ ያወጣሉ። ሁለት ሕጎች በአንድ ጊዜ ሲጋጩ ተራው የደረሰው ተጫዋች ቅደም ተከተሉን ይመርጣል የሚል ደንብም በስፋት ይሠራበታል። ጨርሶ ካልተስማሙ ሁለቱም ዳይስ ይጥላሉ፤ ከፍ ያለ ያወጣው ንባብ ለዚያ ጨዋታ ብቻ ይጸናል።

ለዚህ እንግዳ አይደለንም። የገበጣ አጨዋወት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ ተጫዋቾቹ ጠጠር ሳያነሱ "በየትኛው እንጫወት?" ይባባላሉ። የጠረጴዛ ጦርነትም እንዲሁ ቢጀመር መልካም ነው። ከጨዋታው በፊት አምስት ደቂቃ ወስዶ ስለ ርቀት፣ ስለ እይታና ስለ ጊዜ መስማማት፣ የተስማሙበትንም ጽፎ ለሁለቱም መስጠት ይጠቅማል። የእምባቦው ሕግ ያኔ እንዲህ ይጻፋል፦ "የጎጃም ንጉሥ ከተማረከ፣ ሁለቱም ወገኖች ያን ዙር ይጨርሳሉ። ዙሩ ሲያልቅ ንጉሡ አሁንም በሸዋ ጦር እጅ ካለ፣ የጎጃም ጭፍሮች በሙሉ ከጠረጴዛው ይነሳሉ።"