የፊልም ካሜራ ሻተር ምንድን ነው?

የድሮ የፊልም ካሜራ አናት ላይ ቁጥር የተጻፈበት መምረጫ አለ። 1000፣ 500፣ 250፣ 125፣ 60፣ 30 እያለ ይወርዳል። 1000 ላይ ሲደረግ ፊልሙ ብርሃን የሚያገኘው ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ብቻ ነው። ታዲያ ሞላና ጥርስ ብቻ የሆነ ዕቃ፣ ያለ ባትሪ፣ ይህን ያህል አጭር ጊዜ በምን ይለካል?

ሥራው የሻተር ነው። ሻተር ማለት ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርድ፣ ቁልፉ ሲጫን ደግሞ ለተመረጠው ጊዜ ብቻ ብርሃን የሚያስገባ መዝጊያ ነው። ሌንስ ውስጥ የሚገጠም ዓይነት አለ። እዚህ የማወራው ግን ከፊልሙ ፊት ለፊት ስለሚቀመጠው የጨርቅ ሻተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ላይካ ይህ ነበረው። የሶቪየቱ ዜኒት ኢም፣ ከ1976 እስከ 1997 የተመረተው የጃፓኑ ፔንታክስ ኬ1000ም እንዲሁ። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ተምሮ የመጣ ዘመድ ያለው ሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ዜኒት ቢያገኝ አይገርምም።

ኬ1000ን እንውሰድ። ባትሪው የሚያገለግለው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ ቢያልቅም ካሜራው ማንሳቱን አያቆምም። ፊልም ሳይኖርበት የኋላ በሩን ክፈቱት። መሀል ላይ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ መስኮት አለ። መስኮቱን የሸፈነው ጥቁር ጨርቅ መጋረጃው ነው። በጣት አይነካም፤ ስስ ነው።

መጋረጃዎቹ ሁለት ናቸው። በቀኝ አውራ ጣት የምትሳበዋ ዘንግ ስትሳብ ብዙ ነገር አብሮ ይሆናል። ፊልሙ ስምንት ቀዳዳ ያህል ይሄዳል፤ ይህ የአንድ ፎቶ ልክ ነው። ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። ሁለቱ መጋረጃዎች ደግሞ ብርሃን እንዳያሾልኩ ተደራርበው ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ፤ ሞላቸውም ይወጠራል። ሻተሩ ተቀባበለ ማለት ነው።

አሁን ቁልፉ ይጫን። መጀመሪያ ከሌንሱ ጀርባ ያለው፣ ምስሉን ወደ ማያው የሚልከው መስታወት ወደ ላይ ይነሳል። ከዚያ አንደኛው መጋረጃ ይለቀቅና መስኮቱን ከፍቶ ያልፋል። ሁለተኛው ይከተልና ይዘጋል። ሁለቱ በተነሱበት ቅጽበት መካከል ያለው ልዩነት ነው ፊልሙ ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ። 1 ሰከንድ ላይ ከሆነ አንደኛው ሄዶ ይጠብቃል፤ ሁለተኛውን የሚያቆየው እንደ ሰዓት ተራ በተራ የሚላቀቅ የጥርስ ሰንሰለት ነው። ያቺ ከውስጥ የምትሰማው «ዝዝዝ» የእሱ ድምፅ ናት።

ዋናው ጥበብ ያለው ከፍተኛው ፍጥነት ላይ ነው። አንድ መጋረጃ 36 ሚሊ ሜትሩን ለማቋረጥ ከአንድ መቶኛ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ሞላው ከዚህ በላይ አይሮጥም። መምረጫውን 1000 ላይ ብታደርጉትም መጋረጃዎቹ የሚሮጡት 60 ላይ በሚሮጡበት ፍጥነት ነው። የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው፦ አንደኛው መጋረጃ ገና መንገድ ላይ እያለ ሁለተኛው ይነሳና ይከተለዋል። በመካከላቸው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር የምትሆን ስንጥቅ ትቀራለች። ያቺ ስንጥቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፊልሙን እየጠረገች ታልፋለች። እያንዳንዱ የፊልሙ ነጥብ ብርሃን ያየው ስንጥቋ በላዩ ስታልፍ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ።

ሁለተኛውን መጋረጃ የሚለቀው ደግሞ የአንደኛው ጉዞ ራሱ ነው። አንደኛው የተወሰነ መንገድ ሲሄድ ከሱ ጋር የሚዞረው ክፍል የሁለተኛውን ማቆሚያ ይመታዋል። መምረጫው የሚያስተካክለው ይህ ምት የት ላይ እንደሚሆን ነው። ስለዚህ ካሜራው አንድ ሺህኛ ሰከንድን ለመቁጠር አይጨነቅም፤ የሚለካው ርቀት ነው። ለእኔ በካሜራ ታሪክ ከዚህ የሚያምር ሐሳብ ብዙ የለም።

ይህን ያወቀ ሰው ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ፍላሽ ሲጠቀሙ ኬ1000 ላይ ከ60፣ ዜኒት ኢ ላይ ከ30 አትለፉ የሚባለው ለዚህ ነው። ፍላሽ በጣም አጭር ብልጭታ ነው። ሲበራ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። 500 ላይ ቢበራ ብርሃኑ የሚያርፈው በስንጥቋ ልክ ነው፤ የቀረው ፎቶ ይጨልማል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተነሱ አንዳንድ የመኪና ውድድር ፎቶዎች ላይ ጎማው ሞላላ ሆኖ ያዘመመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስንጥቋ ፎቶውን ጠርጋ እስክትጨርስ መኪናው ቦታውን ለቋል። ዛሬ በስልክ ቪዲዮ ላይ የአውሮፕላን ማራገቢያ ተጣሞ ሲታይም ጉዳዩ ያው ነው፤ ስልኩ ምስሉን የሚያነበው መስመር በመስመር ነውና።

አሮጌ ካሜራ ልትገዙ ከሆነ ሻተሩን እዚያው ሻጩ ፊት ሞክሩት። በሩን ከፍታችሁ፣ ሌንሱን ወደ ደማቅ ግድግዳ አዙራችሁ፣ 1000 ላይ ደጋግማችሁ ተኩሱ። መስኮቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ብልጭ ማለት አለበት። አንዱ ጎን ከጨለመ መጋረጃዎቹ እኩል እየሮጡ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የደረቀ ቅባት ነው። ቀጥሎ 1 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ድምፁን ስሙ። «ዝዝዝ»ው መሀል ላይ ከቆመ የዝግታው ጥርስ ተይዟል።

እንደ ዞርኪ 4 ያሉ የሶቪየት ካሜራዎች ላይ ደግሞ መጀመሪያ ይቀባበላል፣ ከዚያ ፍጥነት ይመረጣል። ሳይቀባበል መምረጫውን ማዞር ውስጡን ሊሰብረው ይችላል። እንደ ዞርኪና እንደ ድሮው ላይካ መስታወት የሌላቸውን ካሜራዎች ሌንሳቸውን ከፍቶ ፀሐይ ላይ መተውም ክፉ ነው፤ ሌንሱ ፀሐዩን ሰብስቦ መጋረጃውን ይበሳዋል። የዘገየ ሻተር ያገኘ ሰው ደግሞ ከላይ ዘይት ጠብ አያድርግበት። ዘይቱ ሄዶ ሄዶ መጋረጃው ላይ ያርፋል፤ ያኔ ማጽዳት ይበቃው የነበረው ካሜራ ሙሉ መጋረጃ ሊያስቀይር ይችላል።