ከወረቀት ተጣጥፎ የሚሠራ ጥሩር

የጨዋታና የፊልም ገጸ ባሕርያትን መስለው መልበስ የሚወዱ ሰዎች ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ጥሩር በቤታቸው ከሚሠሩባቸው መንገዶች አንዱ ፔፓኩራ ይባላል። በኮምፒውተር የተቀረጸ ባለ ሦስት አውታር ምስል በሶፍትዌር ተፈትቶ ዝርግ ንድፍ ይሆናል። ንድፉ ወፈር ባለ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ከዚያ ተቆርጦ፣ ታጥፎና ተጣብቆ ወደ መጀመሪያ ቅርጹ ይመለሳል። የተገኘው የወረቀት ቅርፊት ሬዚን በተባለ ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽና ከመስታወት ክር በተሠራ ፋይበር ግላስ በተባለ ጨርቅ ይጠነክራል፣ በስቱኮ ይለሰልሳል፣ ይቀባል፣ ይለበሳል።

ለመነሻ ኮምፒውተር፣ ማተሚያ፣ ከተር፣ ማስመሪያና ሙጫ ይበቃሉ። ውድ ማሽንም ሆነ የቅርጻ ቅርጽ ትምህርት አይጠይቅም፤ ኪሳቸው ባዶ የሆነ ወጣቶች የገቡበትም በዚህ በር ነው። ይኸው ርካሽነት ግን ብዙዎችን ያሳስታል። ወረቀቱን ቶሎ አጣብቀው የሚያልፉት ደረጃ አድርገው ይቆጥሩታል፤ እውነተኛው ጥሩር በሬዚኑ የሚወለድ ይመስላቸዋል። የዚህ ሙያ ቁም ነገር ወረቀቱ ላይ ነው። ልኩም፣ ቅርጹም፣ የግራና የቀኙ መመሳሰልም የሚወሰነው ገና በወረቀትነቱ ሳለ ነው፤ በኋላ የሚደረበው ሁሉ የተወሰነውን ያጸናል፣ የተጣመመውንም አጣምሞ ያደርቀዋል።

ጠጣርን መዘርጋት

ጠጣር ቅርጽን ፈትቶ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የመዘርጋት ሐሳብ ኮምፒውተርን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬሽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1525 ስለ ልኬት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጎነ ብዙ ጠጣሮች፣ ማለት በጠፍጣፋ ገጾች የታጠሩ ቅርጾች፣ ሲዘረጉ የሚኖራቸውን መልክ ሥሎ አሳይቷል። ከዚህ የመነጨ አንድ ጥያቄ ዛሬም መልስ አላገኘም፤ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ቦታ የሌለው ጎነ ብዙ ጠጣር ሁሉ በጠርዞቹ ላይ ብቻ ተቆርጦ፣ ገጾቹ ሳይደራረቡ፣ በአንድ ቁራጭ ሊዘረጋ ይችላል? የሒሳብ ሊቁ ጄፍሪ ሼፈርድ ጥያቄውን እ.ኤ.አ. በ1975 በዚህ መልክ ካቀረበው ወዲህ ያረጋገጠውም ያፈረሰውም የለም። ጥሩር ሠሪ ግን በአንድ ቁራጭ የመዘርጋት ግዴታ የለበትም። አንድ የራስ ቁር በብዙ ወረቀት ላይ በተበተኑ ቁርጥራጮች ቢከፈል ጉዳቱ የማጣበቅ ድካም ብቻ ነው።

ሊታለፍ የማይችለው ሌላ ሕግ ነው። ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 ባቀረበው ሥራ መሠረት፣ እንደ ኳስ ያለ በሁሉም አቅጣጫ የጎበጠ ገጽ ሳይለጠጥ ወይም ሳይቀደድ ጠፍጣፋ መሆን አይችልም። ወረቀት ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል እንጂ አይለጠጥም። ስለዚህ የራስ ቁር አናት በትንንሽ ጎነ ሦስቶችና ጎነ አራቶች ይተካል። ገጾቹ በበዙ ቁጥር ጉብታው ለስላሳ ይሆናል፤ በዚያው ልክ መቁረጡና ማጠፉ ይበዛል፣ የየስፌቱ ጥቃቅን ስሕተትም እየተደመረ ቅርጹን ያዛባል። ገጾቹ ካነሱ ደግሞ የወረቀቱ ሥራ ቶሎ ያልቅና ጉብታውን በስቱኮ መሙላት የግድ ይሆናል። ልምድ ያለው ሰው ንድፍ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ሚዛን ነው። ጀማሪ በዝርዝር የተሞላ ንድፍ ባይመርጥ ይሻለዋል፤ ሁለት መቶ ትንንሽ ቁራጭ አጣብቆ ከሚያገኘው የተወላገደ አናት፣ ጥቂት ገጾች ያሉት ቀጥ ያለ አናት በስቱኮ ቢለሰልስ ይበልጣል።

ይህን የመዘርጋት ሥራ ለተራው ሰው ያቀረበው ፔፓኩራ ዲዛይነር የተባለው የጃፓኑ ታማ ሶፍትዌር ፕሮግራም ነው። የፕሮግራሙ ስም ከጁን ሚታኒ ምርምር ጋር አብሮ ይነሣል። በጹኩባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነው ሚታኒ፣ ከሂሮማሳ ሱዙኪ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጥናት ለስላሳ ጠጣር ቅርጾችን ረጃጅም የወረቀት ጥብጣቦች አድርጎ የመዘርጋት ዘዴ አሳይቷል። ንድፍ መፍጠሪያው በክፍያ የሚገኝ ሲሆን፣ የተዘጋጀ ንድፍ ከፍቶ ለማተም የሚያገለግለው መመልከቻ በነፃ ይገኛል። ብሌንደር ለተባለው ነፃ የባለ ሦስት አውታር መቅረጫ ፕሮግራምም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ተጨማሪ መሣሪያ አለ።

ሙያው ከጨዋታ ጥሩር ጋር የተጣመደበት ምክንያት ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የነበሩ የጨዋታ ማሽኖች አቅም ውስን ስለነበር፣ በእነሱ ላይ የሚታዩት ወታደሮች የተሠሩት በጥቂት ጠፍጣፋ ገጾች ነበር። ለማሽኑ ሲባል የተደረገው ቁጠባ ለወረቀት የተመቸ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሃሎ የተባለው ጨዋታ ዋና ገጸ ባሕርይ በአረንጓዴ ጥሩር የተሸፈነ ወታደር ነው፤ ይህን ጥሩር ለመሥራት የተሰባሰቡ ሰዎች 405ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በሚል ስም ማኅበር አቋቁመው ንድፍና ልምድ ሲለዋወጡ ኖረዋል። በመካከላቸው የጸና ልማድ አለ፤ በነፃ የተሰጠ ንድፍ አይሸጥም፣ የሠሪውም ስም አይሰረዝም። ልማዱ ክቡር ነው፤ አንድ ሰው ቅርጹን በሚገባ ለመዘርጋት የሚያጠፋው ጊዜ ለሌሎች ሁሉ የተሰጠ ስጦታ ነውና።

ጥንት ወረቀት እውነተኛ የጦር ልብስ የሆነበት ጊዜም ነበር። የቻይናው ታንግ ሥርወ መንግሥት ታሪክ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሹ ሻንግ የተባለ ሹም ወረቀት አጣጥፎ ባሠራው ጥሩር አንድ ሺህ ያህል ወታደሮች እንዳስታጠቀ፣ ብርቱ ቀስትም ይበሳው እንዳልነበር ይተርካል። የዛሬው ፔፓኩራ ከዚያ የወረደ አይደለም፤ ማንንም ከምት አያድንም፣ ለዚያም አልተሠራም።

ልክ

ሰው ሥራውን ጨርሶ ሊለብሰው ሲል የሚያዝንበት ደረጃ ይህ ነው። ንድፉ የተሠራው ለምናባዊ ጀግና እንጂ ለለባሹ አይደለም። የሃሎው ወታደር ጥሩሩን ለብሶ ከ2 ሜትር በላይ ይቆማል፤ ጭንቅላቱ ከትከሻው ስፋት አንጻር ትንሽ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ጥሩር በአንድ ቁጥር ማሳነስ አያዋጣም። የራስ ቁር፣ የደረት፣ የክንድ፣ የጭንና የቅልጥም ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከለባሹ አካል ጋር ተለክተው ለየብቻቸው ይስተካከላሉ።

ለራስ ቁር ከአገጭ በታች እስከ አናት ያለው ቁመት፣ የጭንቅላት ወርድና ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ማጅራት ያለው ርዝመት ይለካል። በዚህ ላይ ጭንቅላቱን ለሚደግፈው የውስጥ ስፖንጅ ቦታ ይጨመራል፤ ከውስጥ የሚለጠፈው ፋይበር ግላስም ጥቂት ሚሊሜትር ይወስዳል። የሚረሳው የአንገቱ ቀዳዳ ነው። ጭንቅላት ከአንገት ስለሚሰፋ፣ ውስጡ ሰፊ የሆነ የራስ ቁር እንኳ በታች በኩል አላስገባ ሊል ይችላል። መፍትሔው ገና ከጅምሩ የኋላውን ክፍል ለይቶ በማግኔት እንዲገጠም ማሰብ ነው። ልክ ሲጨመር ደግሞ ወረቀቱ ከተጨመረው በላይ እንደሚበላ መታወስ አለበት፤ ቁመቱ በ10 በመቶ ቢያድግ የገጹ ስፋት በ21 በመቶ ያድጋል።

የማተሚያው ቅንብርም ልክን ያበላሻል። ብዙ ማተሚያዎች ምስሉን ከገጹ ጋር ለማስማማት በራሳቸው ያሳንሱታል። እያንዳንዱ ገጽ በእኩል ስለሚያንስ ቁራጮቹ ያለ ችግር ይገጥማሉ፤ ጉድለቱ የሚታወቀው የራስ ቁሩ ተጠናቆ አልገባ ሲል ነው። ስለዚህ በመቶ በመቶ መጠን አንድ ገጽ አትሞ፣ አንዱን መስመር በማስመሪያ ለክቶ፣ ሶፍትዌሩ ከሚለው ቁጥር ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በተራ 80 ግራም ወረቀት ሻካራ ሙከራ ሠርቶ መልበስም ጥሩ ነው፤ የሚባክነው ጥቂት ወረቀትና አንድ ምሽት ብቻ ነው።

ማጠፍና ማጣበቅ

ለዋናው ሥራ የሚመረጠው በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 220 ግራም የሚመዝን ወረቀት ነው። ከዚህ የሳሳው በሬዚን ሲርስ ይልፈሰፈሳል፤ የወፈረው በማተሚያው ውስጥ ይቀረቀራል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ከመታጠፉ በፊት መስመሩ ቀለሙ ባለቀ እስክርቢቶ ወይም በከተር ጀርባ ይጫራል፤ ያልተጫረ እጥፋት ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ያልቀናም እጥፋት ጎረቤቱን ገጽ ይጎትታል። በንድፉ ላይ የተቆራረጠ መስመር ወደ ውጭ የሚወጣ ጠርዝን፣ ነጥብ የገባበት መስመር ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባ እጥፋትን ያመለክታል። እያንዳንዱ የሚጣበቅ ምላስና ተጓዳኙ ጠርዝ ተመሳሳይ ቁጥር አላቸው።

ውኃ ያለው ነጭ ኮላ ጊዜ ይሰጣል፤ ግን ወረቀቱን ያረጥባል። ሱፐር ግሉ ፈጣን ነው፤ ለማረም አይመችም። ከየትኛውም ሙጫ በላይ የሚጠቅመው ቅደም ተከተሉ ነው። ከፊት መካከለኛው መስመር ተነሥቶ ግራና ቀኙን እኩል እያሳደጉ መሄድ፣ በየጥቂቱም ቅርጹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊት ማየት። አንዱ ወገን ተጠናቆ ሌላው ሲጀመር የተጠራቀመው ስሕተት ሁሉ በመጨረሻው ስፌት ላይ ይወድቃል።

ማጠንከር

ወረቀቱ የሚጠነክረው አብዛኛውን ጊዜ በፖሊስተር ሬዚን ነው። መጀመሪያ ከውጭ ስስ ሽፋን ይቀባል፤ ሲደርቅ ከውስጥ ፋይበር ግላስ ጨርቅ በትንንሹ ተቆርጦ በሬዚን እየራሰ ይለጠፋል። አደጋው የመጀመሪያው ሽፋን ላይ ነው። ፈሳሹ ወረቀቱን ሲያርሰው ቅርጹ በራሱ ክብደት ይዘምማል፤ የአንገቱ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ጉንጮቹ ይሰፋሉ፣ እንዲህ ሆኖም ይደርቃል። ስለዚህ ከመቀባቱ በፊት በውስጡ የወረቀት ወይም የእንጨት ድጋፍ ከጎን ወደ ጎን ይወጠራል፤ ድጋፉ የሚነቀለው ውጩ ከጠነከረ በኋላ ነው።

ሬዚኑ የሚደርቀው ኤም.ኢ.ኬ.ፒ. በሚባል ማድረቂያ ሲሆን፣ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከሬዚኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ከበዛ ድብልቁ በፍጥነት ይግላል፣ ይሰነጠቃል፣ በወፍራሙ ከተጠራቀመ ሊጨስም ይችላል። ካነሰ ወይም ክፍሉ ከቀዘቀዘ ለቀናት እንደተጣበቀ ይቀራል። ተደባልቆ የመሥሪያ ጊዜው የደቂቃዎች ጉዳይ ስለሆነ፣ በትንሽ በትንሹ መበጥበጥ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ቸልታ አይገባም። ከሬዚኑ የሚወጣው የስታይሪን ትነት ራስ ያዞራል፣ ሳንባና ነርቭንም ይጎዳል፤ የጨርቅም ሆነ የአቧራ ማስክ አያግደውም። የሚያስፈልገው ኬሚካል የሚያጣራ ካርትሬጅ ያለው ማስክና ነፋስ የሚያገኘው ሜዳ ነው። መኝታ ክፍል፣ ወጥ ቤት፣ ልጆች ያሉበት ቤት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ማድረቂያው ዓይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ስለሚችል መነጽር አይወልቅም። ማድረቂያው የሬዚኑን መድረቅ ከሚያፋጥነው የኮባልት ማፋጠኛ ከተባለው ፈሳሽ ጋር በቀጥታ ከተቀላቀለ ሊፈነዳ ይችላል። ፋይበር ግላስ ሲቆረጥና ሲሞረድ የሚበተነው ብናኝ ቆዳን ያሳክካል፣ መተንፈሻንም ያስቆጣል፤ ጓንትና እጅጌ ያለው ልብስ ያሻዋል። ዕድሜው ያልደረሰ ሠሪ ይህን ክፍል አዋቂ ሳይኖር ባይነካው ይገባል። ትነቱ እምብዛም የሆነ፣ በውኃ መሠረት የሚሠራ ሬዚንም ስላለ፣ አቅም ላለው እሱን መምረጥ ብልህነት ነው።

ቀሪው የመኪና ባትላሜራ ሠራተኛ በሚገባ የሚያውቀው ሥራ ነው። ስቱኮ ይለጠፋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ከ80 ቁጥር ተነሥቶ እስከ 400 ይፋቃል፣ ፕራይመር ይረጫል፣ ፕራይመሩ ያጋለጠው ጎድጓዳ እንደገና ይሞላል። ቀለም የገጽን ጉድለት አይሸፍንም፤ የሚያብረቀርቅ ቀለምማ ያጎላዋል።

መልበስ

የቆመ ጥሩርና የሚራመዱበት ጥሩር ለየቅል ናቸው። ክርን፣ ጉልበትና ወገብ ላይ ቅርፊቱ ተቆርጦ ክፍተት ካልተተወለት ለባሹ ደረጃ መውጣትም መቀመጥም አይችልም። ክፍሎቹ በላስቲክ፣ በቀበቶና በቬልክሮ ከውስጥ ልብስ ጋር ይያያዛሉ፤ የትከሻው ክብደት ወደ ወገብ እንዲወርድ ማድረግ ድካሙን በእጅጉ ይቀንሳል። በራስ ቁሩ ውስጥ ትንፋሽ የዓይን መመልከቻ መስታወቱን ስለሚያደበዝዘው በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ማራገቢያዎች ይገጠማሉ። የጎን እይታ ስለማይኖር በትልልቅ ዝግጅቶች ላይ ለባሹን የሚመራ፣ ውኃ የሚያቀብልና ልጆች እግሩ ሥር እንዳይገቡ የሚጠብቅ ጓደኛ አብሮ ይሄዳል።

ዛሬ ብዙዎች ሬዚኑን ትተው ያንኑ ንድፍ ኢቫ ፎም በተባለ ስፖንጅ መሰል ሉህ ላይ ይገለብጡታል። ፎም ቀላል ነው፣ ሲወድቅ አይሰበርም፣ በሙቅ አየር ይጎብጣል። ውፍረት ስላለው ግን ምላሶቹ ከንድፉ ይወገዳሉ፤ ጠርዞቹ በሰያፍ ተቆርጠው አፍ ለአፍ በማስቲሽ ይጣበቃሉ፣ ንድፉም ውፍረቱን እንዲችል በመጠኑ ይሰፋል። የማስቲሹ ትነትም እንደ ሬዚኑ ክፍት ቦታና ማስክ ይፈልጋል። ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ ደግሞ መቁረጡንና ማጠፉን ጭራሽ አስቀርቶ የራስ ቁሩን ራሱ ያወጣዋል፤ ለማውጣት ግን ረጅም ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል። በልኩ ያልተማመነ ሠሪ ታዲያ ማሽኑን ከማስነሣቱ በፊት ያንኑ ቅርጽ በጥቂት ገጾች ዘርግቶ፣ በወረቀት አጣብቆ፣ ጭንቅላቱ ላይ ይሞክረዋል።