ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ውስጥ ሠርቼ ያየሁት፣ ሰው ደግሞ የሚያወራው

ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቼ ወጣሁ። እስካሁን አንድ ጥያቄ አይለቀኝም፦ «ሰው ሥራ ማስቀጠር ደስ አይልም እንዴ? ለምን ተውሽው?»

«ሥራው ሰው መርዳት ነው።» ይህን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሥራው ሽያጭ ነው። ለኤጀንሲው የሚከፍለው ቀጣሪው ነው፤ ብዙ ጊዜ ተቀጣሪው በመጀመሪያው ዓመት ከሚያገኘው ደሞዝ ከ15 እስከ 25 በመቶ፣ ያውም ሰው ከተቀጠረ ብቻ። ስለዚህ ጠዋት እንደገባችሁ የምትጠየቁት ስለ ታርጌት ነው። ስንት ስልክ ደወላችሁ፣ ስንት ሲቪ ላካችሁ፣ ስንት ኢንተርቪው አስያዛችሁ።

አንዲት የሂሳብ ባለሙያ በየሳምንቱ ትደውልልኝ ነበር። ለእሷ የሚሆን ክፍት ቦታ አልነበረንም፤ ግን ሲቪዋን እንዴት እንደምታስተካክል፣ ኢንተርቪው ላይ ምን እንደምትል እነግራት ነበር። አንድ ቀን አለቃዬ የስልክ መዝገቡን አይቶ «ከእሷ ጋር 20 ደቂቃ አወራሽ፤ ለዚህ ማን ይከፍለናል?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ከላይ የሚጠይቀው አለ። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ቶሎ ቶሎ መጨረስ ጀመርኩ፣ ቆይቼ ስልኳን ማንሳትም ተውኩ። ዛሬም ይቆጨኛል። «ኤጀንሲው ንቆኝ ነው መልስ ያልሰጠኝ» የምትሉም ይህን እወቁ፦ ማንም አልናቃችሁም፤ ለእናንተ የሚሆን ቦታ ይዞ የመጣ ቀጣሪ ስለሌለ ነው።

«ሲቪውን የሚጥለው ኮምፒውተር ነው።» እኛ ጋ የሚያየው ሰው ነበር። በጣም እየተቻኮለ።

«ሥራ ፈላጊ ለኤጀንሲ መክፈል አለበት።» የለበትም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 181፣ ለየት ያሉ ጉዳዮች ካልሆኑ በቀር፣ የግል ኤጀንሲ ሠራተኛውን እንዳያስከፍል ይላል።

«ኮሚሽኑ ያበለጽጋል።» ኮሚሽን ማለት ኤጀንሲው ከሚያገኘው ክፍያ ላይ ላስቀጠረው ሠራተኛው የሚሰጠው ድርሻ ነው። ጥቂቱን አዎ፣ ያበለጽጋል። መሠረታዊ ደሞዙ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው፤ ብዙ ቦታ ደግሞ ኮሚሽን የሚታሰበው የተወሰነ ገቢ ካስገባችሁ በኋላ ነው። የዋስትና ጊዜም አለ፦ ያስቀጠራችሁት ሰው ለምሳሌ በ3 ወር ውስጥ ከለቀቀ፣ ኤጀንሲው ወይ ሌላ ሰው በነፃ ይተካል ወይ ገንዘብ ይመልሳል። እኔ ያስቀጠርኩት መሐንዲስ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ በአሥረኛው ሳምንት ወጣ። የወሰድኩት ኮሚሽን ከቀጣዩ ወር ደሞዜ ላይ ተቆረጠ፤ እንደዚያ እንደሚሆን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም።

አትግቡ አልልም። ሰውና ቦታ ሲገጥሙ፣ ያ ሰው «ተቀጠርኩ!» ብሎ ሲደውል ያለው ደስታ እውነተኛ ነው። እኔም ሦስት ዓመት የቆየሁት ለዚያ ነው። ግን ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። ኮሚሽን ከስንት ገቢ በኋላ ነው የሚጀምረው? የሚከፈለው ቀጣሪው ሲከፍል ነው ወይስ የዋስትና ጊዜው ሲያልፍ? ሰው ቢለቅ ከእኔ ይቆረጣል? ባለፈው ዓመት ከኤጀንሲው ስንት ሠራተኛ ለቀቀ? ከወጣሁ በኋላ የድሮ ደንበኞችን እንዳላነጋግር የሚከለክል አንቀጽ ውሉ ላይ አለ? ሁለት ዓመት ከቆየ ሠራተኛ ጋርም ብቻችሁን ለማውራት ሞክሩ።

የኮሚሽኑን አሠራር በጽሑፍ ካልሰጧችሁ ደግሞ አትፈርሙ። እኔ በቃል ተነግሮኝ ነው የገባሁት።