ፀደይ መግባቱ በምን ይታወቃል? የጀርመን ጓሮዎችና ገጠሮች ምልክቶች

በጀርመን ፀደይ የሚገባበት ቀን አንድ አይደለም። በሥነ ፈለክ ስሌት ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ፣ ማርች 20 ወይም 21 አካባቢ ይገባል። የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች ለሒሳብ እንዲመቻቸው ከማርች 1 ይጀምሩታል። አትክልተኛው፣ ገበሬውና ንብ አናቢው ግን የሚያምኑት ተክሉን ነው። የጀርመን የአየር ሁኔታ አገልግሎትም ከእነሱ ጎን ቆሞ ዓመቱን በተክሎች ሁኔታ በአሥር ወቅቶች ይከፍላል፤ ከአሥሩ ሦስቱ ፀደይ ናቸው። ሃዝል የተባለው ቁጥቋጦ ሲያብብ ቅድመ ፀደይ ይገባል፤ ፎርሲቲያ የተባለው ባለ ቢጫ አበባ ቁጥቋጦ ሲያብብ የመጀመሪያው ፀደይ፤ ፖም ሲያብብ ደግሞ ሙሉው ፀደይ። መረጃውን ከየመንደሩ የሚልኩት አንድ ሺህ ገደማ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

እንዲህ ያለው ምዝገባ በአውሮፓ ረጅም ዕድሜ አለው። በእንግሊዝ ኖርፎክ ሮበርት ማርሻም እ.ኤ.አ. በ1736 የፀደይ ምልክቶችን ቀን መጻፍ ጀመረ፤ ቤተሰቡም እስከ 1958 ድረስ ቀጠለበት። በጀርመን የማንሃይም የአየር ሁኔታ ማኅበር ከ1780ዎቹ ጀምሮ ከሙቀትና ከዝናብ ጋር የተክሎችን ሁኔታም ያስመዘግብ ነበር። በሐምቡርግ ሎምባርድ ድልድይ አጠገብ ያለው ፎርሲቲያ የሚያብብበት ቀን ከ1945 ጀምሮ ይመዘገባል። ከእነዚህ ረጃጅም መዝገቦች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ቀኑ ከዓመት ዓመት በሳምንታት ሊለያይ ይችላል፣ ምልክቶቹ የሚከተሉበት ተራ ግን በአመዛኙ ያው ነው። ስለዚህ አንዱን ምልክት ለይቶ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣና ምን መሥራት እንዳለበት ያውቃል።

ተክሉ ጊዜውን የሚለይበት መንገድ

ጃንዋሪ ላይ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ሲወጣ ሁሉም ነገር ለምን አይፈነዳም? በአገሩ ያሉት ዛፎች መጀመሪያ ብርድ ይጠግባሉ። አብዛኛው የፖም ዝርያ ከዜሮ እስከ 7 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ብዙ መቶ ሰዓት፣ አንዳንዱም ከ1,000 ሰዓት በላይ ካልቆየ እንቡጡ ከእንቅልፉ አይነቃም። ብርዱን ከጠገበ በኋላ ደግሞ የተጠራቀመ ሙቀት ይፈልጋል። በኢትዮጵያ ፖም ቆላ ላይ የማይሆነውና እንደ ጨንቻ ባሉ ብርዳም ደጋዎች የሚለማው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ጀርመኖች ዲሴምበር 4 በሚውለው የቅድስት ባርባራ ቀን የቼሪ ቅርንጫፍ ቆርጠው ያስገባሉ፤ ሌሊቱን ለብ ባለ ውኃ ነክረው ካሳደሩት በኋላ በአበባ ማስቀመጫ ያቆሙታልና ለገና ያብባል። ከዚያ በፊት ውርጭ ካልነካው ግን ብዙ ጊዜ እንቡጡ ሳይከፈት ይደርቃል፤ በሞቃት ዓመት ቅርንጫፉን አንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ የሚያሳድሩት ለዚህ ነው።

ወፎቹ ሌላ ሕግ አላቸው። ጥቁርና ቢጫ መልክ ያላት ኮልማይዘ በጃንዋሪ ብርድ ሁለት ድምፅ እየደጋገመች ስትዘምር ቢሰማ ሙቀት መጣ ማለት አይደለም። እሷን የሚቀሰቅሳት የቀኑ መርዘም ነው። ስለዚህ ዝማሬዋ ደስ ቢያሰኝም ዘር ለመዝራት ምልክት አይሆንም።

ሃዝልና የበረዶ ደወል

ሃዝል በመንገድ ዳርና በጫካ ጠርዝ የሚበቅል፣ ፍሬው በቸኮሌት ውስጥ የሚገባ ቁጥቋጦ ነው። ወንዴ አበባዎቹ ባለፈው በጋ ተሠርተው ክረምቱን ሙሉ አጭርና ደረቅ ሆነው ተንጠልጥለው ይቆያሉ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጭራዎቹ ስለታዩ አበበ ይላል። ትክክለኛው መለኪያ ብናኙ ነው። ጭራው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ተዘርግቶ ሲላላና በጣት ሲነካ ቢጫ ዱቄት ሲያቦንን ያን ጊዜ አብቧል። ሴቴዋን ለማየት ዓይንን ወደ ቅርንጫፉ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ተራ እንቡጥ ከምትመስለው ነገር ጫፍ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ ደማቅ ቀይ ክሮች ወጥተዋል፤ ነሐሴና መስከረም ላይ የሚለቀመው ፍሬ የሚወጣው ከእሷ ነው።

ሃዝል የሚዳቀለው በነፋስ ስለሆነ ብናኙ ብዙ ነው። ቅድመ ፀደይ ለአለርጂ ሕመምተኞች የችግር ጊዜ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። በረዶ ሳይቀልጥ ዓይን የሚያሳክክና አፍንጫ የሚያፈስ ሰው፣ በተለይ ከሌላ አገር መጥቶ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ፣ ጉንፋን ነው ብሎ ሲታገል ይከርማል። ትኩሳት ሳይኖር በደረቅና ፀሐያማ ቀን የሚብስ፣ ዝናብ ሲጥል የሚቀል ከሆነ ሐኪም ዘንድ የአለርጂ ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሃዝል ጋር ተከታትሎ ኤርለ የተባለው የወንዝ ዳር ዛፍ ብናኝ ይመጣል፤ ኤፕሪል ላይ ደግሞ የበርች።

በዚሁ ሰሞን ጓሮ ውስጥ ነጩ ሽኔግሎክሸን፣ ማለትም የበረዶ ደወል፣ ይወጣል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይረዝማል። ጠንካራ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ግንዱ ወድቆ መሬት ላይ ሲተኛ ያየ ሰው ሞተ ብሎ ይነቅለዋል፤ መንቀል የለበትም። ሲሞቅ ውኃው ወደ ሴሎቹ ተመልሶ ራሱን ቀና ያደርጋል። ኮረቱ፣ ማለትም እንደ ሽንኩርት ያለው ሥሩ፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይተከላል። ለማባዛት የሚመቸው ጊዜ አበባው እንዳለቀ፣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ እጅብ ያለውን ነቅሎ በሁለት በሦስት ከፍሎ ወዲያው መትከል። ቅጠሉ ሳይደርቅ መታጨድም የለበትም፣ ለሚመጣው ዓመት የሚሆነውን ስንቅ ወደ ኮረቱ የሚያወርደው ቅጠሉ ነውና። ተክሉ መርዛማ ነው፤ በዱር የሚበቅለው ደግሞ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ከጫካ መንቀል ክልክል ነው።

ሙቀቱ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ በደረሰ ቀትር የማር ንቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀፎ ይወጣሉ። ወራት ሙሉ የያዙትን ኩስ የሚጥሉበት በረራ ስለሆነ የተሰጣ ልብስ ላይ ትናንሽ ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል። ጎረቤቱ ንብ አናቢ የሆነ ሰው በዚያ ቀን ነጭ አንሶላ ባያሰጣ ይሻለዋል። ብርዱን በደረቅ ቅጠል ሥር ሆኖ ያሳለፈው ደማቅ ቢጫ ቢራቢሮም፣ ዚትሮነንፋልተር የሚሉት፣ ያኔ ይታያል። ሰውነቱ ውስጥ የውርጭ መከላከያ ስላለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ድረስ ይቋቋማል። ጓሮ አጥርቶ መጥረግ የሚወድ ሰው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የረገፈውን ቅጠል ሁሉ ጠራርጎ ሲያቃጥል እሱንም አብሮ ያጠፋዋል።

በዝናባማ ሌሊት የሚጓዙ ጉርጦች

ፌብሩዋሪ መጨረሻና ማርች ላይ፣ ሌሊቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ሆኖ ካካፋ፣ ጉርጦች ከጫካ ወጥተው ወደተወለዱበት ኩሬ ይጓዛሉ። በጉዟቸው የመኪና መንገድ ካቋረጡ በአንድ ምሽት በመቶዎች ይጨፈለቃሉ። በየአካባቢው ያሉ በጎ ፈቃደኞች አስቀድመው በመንገዱ ዳር ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የፕላስቲክ አጥር ይዘረጋሉ። የአጥሩ ግርጌ አፈር ውስጥ ካልተቀበረ ጉርጡ ከሥር ያልፋል። በየጥቂት ሜትሩ ባልዲ ከመሬቱ እኩል ተደርጎ ይቀበራል፤ ጉርጡ አጥሩን ተከትሎ ሲሄድ ይገባበታል። የባልዲው ወለል ቀዳዳ ያስፈልገዋል፣ አለዚያ የዝናብ ውኃ ይሞላዋል። ጢንዚዛና አይጥ የሚወጡበት እንጨትም ይደረግበታል። ሥራው በየማለዳውና በየምሽቱ ባልዲውን አይቶ፣ ቆጥሮ፣ ወደ ማዶ ማሻገር ነው። አንድ ጠዋት ከታለፈ ፀሐይና ቁራ ይቀድማሉ።

ኩሬው ውስጥ የተጣለው እንቁላል የማን እንደሆነ በቅርጹ ይለያል፤ የእንቁራሪት ከሆነ አንድ ላይ የተከመረ ዝልግልግ ጉብታ፣ የጉርጥ ከሆነ በውኃ ተክል ላይ የተጠመጠመ ረጅም ክር ነው።

ሁለት መቶው ዲግሪ

ገበሬው ለሣር መስኩ ማዳበሪያ የሚሰጥበትን ቀን በዓይን ግምት አይወስንም። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የየቀኑን አማካይ ሙቀት ይደምራል። ከዜሮ በታች የሆነ ቀን አይቆጠርም። የጃንዋሪው በ0.5፣ የፌብሩዋሪው በ0.75 ይባዛል፣ ከማርች ጀምሮ ሙሉው ይያዛል። ለምሳሌ አማካዩ 8 ዲግሪ የሆነ ቀን ጃንዋሪ ላይ 4፣ ፌብሩዋሪ ላይ 6፣ ማርች ላይ 8 ይሆናል ማለት ነው። ድምሩ 200 ሲደርስ ሣሩ በእርግጥ ማደግ ጀምሯል ይባላል፤ በብዙ ቦታ ማርች ውስጥ ይደርሳል። ከዚያ በፊት የተበተነ ናይትሮጅን የሚወስደው ሥር ስለሌለ በዝናብ ታጥቦ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል።

በጓሮ ደረጃ ይህን የሚተካው አፈር ውስጥ የሚሰካ ቴርሞሜትር ነው። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ጠዋት ይለካል። 5 ዲግሪ ከሆነ ባቄላ፣ አተርና ስፒናች መዝራት ይቻላል። ድንች 8 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ፎሶሊያ ከ10 በታች ከተዘራ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ከሙቀቱ ሌላ እርጥበቱም ይፈተሻል። አፈሩ ተጨብጦ ሲነካ የማይፈረፈር ከሆነ ገና ነው። በዚያ ጊዜ የተረገጠና የተቆፈረ መደብ ዓመቱን ሙሉ እንደተጠቀጠቀ ይቀራል።

ቢጫ ሁሉ ፎርሲቲያ አይደለም

ማርች ላይ አጥር ሁሉ ቢጫ ሲለብስ ሦስት ቁጥቋጦዎች ይምታታሉ። ከዲሴምበር ጀምሮ የሚያብበው የክረምት ጃስሚን ግንዱ አረንጓዴ ነው፣ አበባውም ብዙውን ጊዜ ስድስት ቅጠል አለው። ኮርኔልኪርሸ የሚባለው ከፎርሲቲያ በፊት ያብባል፤ አበቦቹ ጥቃቅን ሆነው በትናንሽ ዘለላ የተሰበሰቡ ናቸው። ፎርሲቲያ ቡናማ ግንድና እስከ ታች የተሰነጠቁ አራት ረጃጅም የአበባ ቅጠሎች አሉት። በአንድ ተክል ላይ ሦስት ያህል ቦታ አበባው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ቀኑ ይመዘገባል። በየዓመቱ ያው ተክል መታየት አለበት። ደቡብ ግድግዳ ሥር ያለ ፎርሲቲያ ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚፈነዳ ለምዝገባ አይመረጥም።

ፎርሲቲያ ሲያብብ ጽጌረዳ ይገረዛል፤ ቀድሞ ከተገረዘ የሚያወጣውን ለጋ ቀንበጥ ውርጭ ይበላዋል። መቀሱ ስለታም ሆኖ፣ ወደ ውጭ ከሚያይ እንቡጥ በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ትቶ በሰያፍ ይቆርጣል። አዲስ ለሚተክል ሰው ግን ፎርሲቲያን መምከር አይቻልም። ለንብ የሚሆን ወለላም ብናኝም የለውም ማለት ይቻላል። ኮርኔልኪርሸ ወይም ዛልቫይደ የተባለው የዊሎ ዛፍ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለተራቡ ንቦች ምግባቸው ነው።

ጫካው ውስጥና ሰማዩ ላይ

የቢች ዛፍ ቅጠል አውጥቶ ጥላውን እስኪዘጋ ድረስ የጫካው መሬት ብርሃን ያገኛል። አኔሞን የተባለው ነጭ አበባ ምንጣፍ ሆኖ የሚታየው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው። ብዙ ሰው የሚሄደው ግን ቤርላውህ ለሚባለው የዱር ነጭ ሽንኩርት ቅጠል ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ በየዓመቱ በስህተት የሚመረዙ ሰዎች አሉና። ሄርብስትሳይትሎሰ የተባለው ገዳይ ተክል ቅጠል ይመስለዋል፤ መርዙም ማርከሻ መድኃኒት የለውም። የዱር ነጭ ሽንኩርት እያንዳንዱ ቅጠል የራሱን ቀጭን እግር ይዞ ከመሬት ይወጣል፣ ጀርባውም አይብለጨለጭም። የመርዛማው ቅጠሎች እግር የላቸውም፣ ከአንድ ቦታ ተደራርበው ይወጣሉ። አሽትቶ መለየት ለመጀመሪያው ቅጠል ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ሽታው ጣት ላይ ስለሚቀር ሁሉም ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ስለዚህ በእፍኝ ማጨድ ሳይሆን አንድ በአንድ እያዩ መቁረጥ ነው።

ሽመሎች በሁለት መንገድ ይመለሳሉ። የምዕራቦቹ በጅብራልታር በኩል ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ አሁን ስፔን ስለሚከርሙ ፌብሩዋሪ ላይ ጎጇቸው ላይ ይገኛሉ። የምሥራቆቹ ሜዲትራኒያንን በባሕር አያቋርጡም፤ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉበት ሞቃት አየር የሚነሣው ከየብስ ነው። በኢትዮጵያ ሐይቆች ዳርና በእርሻ ላይ የሚታዩት ከእነዚህ ወገን ናቸው። በሱዳን፣ በዓባይ ሸለቆ፣ በእስራኤልና በቦስፎረስ አድርገው ማርች መጨረሻና ኤፕሪል ላይ እንደ ሩህሽቴት ያሉ የብራንደንቡርግ መንደሮች ይደርሳሉ። ጨረባ ኤፕሪል ላይ፣ ኩኩ ከኤፕሪል አጋማሽ በኋላ ይከተላሉ።

የፖም አበባና የመጨረሻው ውርጭ

የፖም አበባ ከአውሮፓ ደቡብ ምዕራብ ተነሥቶ በቀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል። በጀርመን ሞቃቱ የላይኛው ራይን ሸለቆ ይቀድማል፣ የባልቲክ ዳርቻና ተራራማው አገር ይዘገያሉ። ምልክቱ የተሟላ ቢመስልም አደጋው የሚከፋው አሁን ነው። ጥብቅ ያለ እንቡጥ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ገደማ ይችላል፤ የተከፈተ አበባ ከዜሮ በታች 2 ላይ መጎዳት ይጀምራል። ኤፕሪል 2017 ሙቀት ቀድሞ አበባውን ካወጣው በኋላ በመጡ የውርጭ ሌሊቶች የአገሪቱ የፍራፍሬ ምርት ክፉኛ ተመታ። ጉዳቱን ለማወቅ አበባውን በምላጭ ለሁለት መሰንጠቅ ነው። የውጭ ቅጠሎቹ ነጭና ጤነኛ ሆነው መሐሉ ላይ ያለችው ሴቴ አካል ከጠቆረች ፍሬ አይኖርም።

በሐምቡርግ አጠገብ ባለው በአልተስ ላንድ ገበሬዎቹ ሌሊት ዛፉን ውኃ ይረጩታል። ውኃ ሲረጋ ሙቀት ስለሚለቅ በግግሩ ውስጥ ያለው አበባ ከዜሮ ብዙም አይወርድም። በሰዓት 3 ሚሊ ሜትር ቢረጭ ለአንድ ሄክታር 30 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ከተጀመረ በረዶው ራሱ መቅለጥ እስኪጀምር አይቋረጥም፤ ፓምፑ መሐል ላይ ከቆመ በትነት የሚመጣው ቅዝቃዜ ካልተረጨው የባሰ ይጎዳል።

ከሜይ 11 እስከ 15 ያሉት ቀናት የበረዶ ቅዱሳን ይባላሉ፤ የመጨረሻው ዕለት ቀዝቃዛዋ ሶፊ የሚሏት ቅድስት ቀን ነው። በ1582 የዘመን አቆጣጠሩ ሲታረም ቀናቱ ስለተዛወሩ የጥንቱ ልማድ የሚያመለክተው በዛሬው አቆጣጠር ከሜይ 21 እስከ 25 ገደማ ያለውን ጊዜ ነበር። ቢሆንም ከሜይ አጋማሽ በኋላ በቆላማው የጀርመን ክፍል ውርጭ እምብዛም አይታይም። ቲማቲም፣ ኪያርና በሶብላ እስከዚያ ቤት ውስጥ ይቆያሉ። ከመተከላቸው በፊት ለአንድ ሳምንት ቀን ቀን ጥላ ሥር እያወጡ ማታ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ከመስኮት ሥር በቀጥታ ፀሐይ ላይ የወጣ ችግኝ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ከሌለ ግን ከሶፊ በኋላም ቢሆን ማታ ማታ ችግኙን ስስ ጨርቅ ማልበስ ነው።